«እንጀራ አቁሜም አልቀነስኩም»

ጥያቄው አጠር ሲደረግ እንዲህ ይላል፦ «34 ዓመቴ ነው። ሁለት ልጆች አሉኝ። የምኖረው አያት፣ የምሠራው ሜክሲኮ አካባቢ ቢሮ ውስጥ ነው። ጠዋት 12 ሰዓት እወጣለሁ፣ ማታ 1:30 እገባለሁ። ሁለተኛ ልጄን ከወለድኩ በኋላ 78 ኪሎ ደረስኩ፤ ቁመቴ 1 ሜትር ከ60 ነው። ቁርስ አልበላም። እንጀራ ካቆምኩ ሁለት ወር ሆነኝ፣ በዳቦ ነው የምበላው። ጠዋት ጠዋት ሙቅ ውሃ በሎሚ እጠጣለሁ። ጾምም እጾማለሁ። ኪሎዬ ግን ንቅንቅ አላለም፣ ቦርጩም እንዳለ ነው፣ ቀኑን ሙሉ ደግሞ ይደክመኛል። ለጂም ጊዜውም ገንዘቡም የለኝም። ኢንተርኔት ላይ የሚወራው የቺያ ፍሬና ሳልመን የሚባለው ዓሣ ለኔ ደመወዝ አይሆንም። ምን ላድርግ?»

ከእንጀራው ልጀምር፤ ትልቁ ስህተት እዚያ ነው። የጤፍ እንጀራን ትተሽ ፉርኖ ዳቦ ስትይዢ የቀነስሽው ነገር የለም፣ ያጣሽው ግን አለ። ዳቦው የሚጋገረው ፋይበሩ ተነፍቶ ከወጣለት ነጭ የስንዴ ዱቄት ነው። የጤፍ ፍሬ ግን ከማነሱ የተነሳ ልጦ ለመጣል አይመችም፤ ከነቆዳው ነው የሚፈጨው። ስለዚህ ፋይበሩም ብረቱም ካልሲየሙም እንጀራው ላይ ይገኛል። ሊጡ ሲቦካ ደግሞ ብረቱን አስሮ የሚይዘው ነገር ይቀንሳል። ሌላም አለ፤ እንጀራ ከክብደቱ ከግማሽ በላይ ውሃ ነው፣ ዳቦ ግን እንደዚያ አይደለም። በሚዛን እኩል ብታደርጊያቸው ካሎሪው የሚበዛው ዳቦው ላይ ነው። ወደ እንጀራሽ ተመለሺ። (አሁን ጤፉ ተወዶ ሩዝ የማይቀላቅል ቤት ጥቂት ነው። መቀላቀል ግድ ከሆነ ማሽላ ወይም ገብስ ከነጭ ሩዝ ይሻላል። ካልተቻለም ግን በሩዙ ራስሽን አታስጨንቂ።)

ሎሚው። ሎሚ ሳህን ላይ ያለ ቅባት ስለሚያጥብ ሆድ ውስጥም እንደዚያው የሚያደርግ ይመስለናል። ቦርጭ ግን አንጀት ላይ የተለጠፈ ቅባት አይደለም። ሰውነት ያላወጣውን ጉልበት ሴሎች ውስጥ ያጠራቀመው ነው፣ ሎሚው ደግሞ እዚያ አይደርስም። «የመቅጠኛ ሻይ» የሚባሉትም ብዙዎቹ የሚያስቀምጥ ቅጠል ያለባቸው ናቸው። ሚዛን ላይ የቀነሰው ውሃ ነው፣ በማግስቱ ይመለሳል። ወገብ ላይ ተጠምጥሞ የሚያልበው ቀበቶም ያው ነው። በቀን መቶ ጊዜ ሆድ ብትሠሪ ደግሞ የሆድ ጡንቻሽ ይጠነክራል እንጂ ከላዩ ያለው ስብ ከዚያ ቦታ ተመርጦ አይሄድም። ሰውነት ከየት እንደሚቀንስ አንቺን አያማክርም።

ሎሚሽን ግን አትጣይው፤ ቦታውን ቀይሪለት። ጎመኑ ላይ፣ ምስሩ ላይ፣ ሰላጣው ላይ ጭመቂው። በሎሚ ውስጥ ያለው ቫይታሚን ሲ ከእህልና ከቅጠል የምናገኘውን ብረት ሰውነት በደንብ እንዲወስደው ያደርጋል። ይሄ ለአንቺ ትንሽ ነገር አይደለም፤ ሁለት ልጅ ወልደሻል፣ ትጾሚያለሽ፣ ቀኑን ሙሉ ይደክምሻል። እዚህ ላይ የሚያበላሽብን ሻይና ቡና ነው። ምግብ እንደተበላ ወዲያው ሲጠጡ ብረቱን ያስሩታል። ቡና ተዪ አልልሽም፣ አትሰሚኝማ። ከምሳ ቢያንስ አንድ ሰዓት አርቂው። ደምሽን ደግሞ ተመርመሪ። እርጉዝ ላልሆነች ሴት ሄሞግሎቢን በዴሲ ሊትር ደም ከ12 ግራም በታች ከሆነ ደም ማነስ ነው፣ ያ ካለብሽ ደግሞ ድካሙ በስፖርት አይጠፋም። ሐኪም የሚያዝልሽ የብረት ክኒን ያስፈልግሻል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ስለ እንጀራው ጻፍሽ፣ ስለ ሎሚው ጻፍሽ፣ ስለ ጂሙ ጻፍሽ። ስለ ዘይት አንድ ቃል የለም። አይገርመኝም። ምን እንደሚበላ የምጠይቀው ሰው ሁሉ «ሽሮ» ይለኛል እንጂ ሽሮው ውስጥ ስለገባው ዘይት የሚነግረኝ የለም። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ገደማ ነው። ሱፍ ይሁን ኑግ፣ ከውጭ የመጣ ወይራ ይሁን የሚረጋው ፓልም፣ በካሎሪ ልዩነት የላቸውም። ለልብና ለደም ሥር ፈሳሾቹ ከሚረጋው ይሻላሉ፣ ለወገብ ግን ሁሉም ያው ናቸው። በሱፍ ዘይት ስለተሠራ «ጤናማ ነው» ብለው እንደ ውሃ የሚያንቆረቁሩ አሉ።

እስቲ እናስላው። አራት ሰው ያለበት ቤት ባለ 5 ሊትር ጀሪካን ዘይት በወር ቢጨርስ ለአንድ ሰው በቀን 340 ካሎሪ ገደማ ይደርሰዋል። ያው ጀሪካን በ15 ቀን የሚያልቅ ከሆነ 690 ይሆናል። ይህን ያህል በእግር ለማቃጠል በአንቺ ኪሎ ከሁለት ሰዓት በላይ መራመድ ያስፈልጋል፣ በየቀኑ። ከአራቱ ሁለቱ ሕፃናት ከሆኑ ደግሞ የነሱን ድርሻ የሚበላው ማን እንደሆነ አንቺው ታውቂዋለሽ። ስለዚህ «ምን ያህል ትበያለሽ?» ከማለት ይልቅ «ጀሪካኑ ስንት ቀን ይቆያል?» ብዬ ብጠይቅሽ የተሻለ እውነት አገኛለሁ።

መቀነሱ ጣዕም ማጣት አይደለም። ዶሮ ወጥ እንዴት እንደሚጀመር አስቢ፤ ሽንኩርቱ መጀመሪያ በደረቁ ነው የሚቁላላው። ለምስሩም ለሽሮውም እንደዚያው አድርጊ። ሲይዝብሽ ውሃ ጠብ እያደረግሽ አማስይ፣ ሽንኩርቱ ሲበስል ዘይቱን በማንኪያ ለክተሽ ጨምሪ፣ ከዚያ በርበሬውን። ለአራት ሰው ድስት ሦስት ወይም አራት የሾርባ ማንኪያ ይበቃል። ከጀሪካኑ በቀጥታ ድስት ላይ መገልበጥ ከዛሬ ጀምሮ ይቅር። የመጀመሪያ ሳምንት ወጡ ደረቅ ደረቅ ይላል፣ ምክንያቱም ላዩ ላይ ዘይት ካልተንሳፈፈ ወጥ አይመስለንም። ሁለተኛ ሳምንት ላይ ይለመዳል። ቤት የምታግዝሽ ልጅ ካለች ደግሞ ማንኪያውን ለሷም አሳዪያት፣ ለምን እንደሆነም ንገሪያት። አለዚያ አንቺ ቢሮ ቁጭ ብለሽ ካሎሪ ትቆጥሪያለሽ፣ ድስቱ ቤት ውስጥ የራሱን ሥራ ይሠራል።

ስኳሩን ቶሎ ልለፈው፣ ብዙ የሚያከራክር ነገር የለውም። አንድ የሻይ ማንኪያ 4 ግራም ነው። ቢሮ ውስጥ በቀን አራት ሻይ በሦስት በሦስት ማንኪያ ከጠጣሽ 48 ግራም ሆነ። የዓለም ጤና ድርጅት ቢቻል ከ25 ግራም አትለፉ ይላል። አንድ ጠርሙስ ለስላሳ ብቻውን ስምንት ማንኪያ ገደማ አለው። በየሳምንቱ ከሻይሽ ግማሽ ማንኪያ እየቀነስሽ ሂጂ፤ በአንድ ጊዜ ያቆመ ሰው በሦስተኛው ቀን ሲመለስ ነው የማየው። ማርም ለዚህ ጉዳይ ስኳር ነው፣ «ተፈጥሯዊ ነው» ብለሽ አታሞኚኝ።

ስለ ቁርስ። ቁርስ መዝለል በራሱ አያወፍርም። «ቁርስ ካልበላሽ ሰውነትሽ ማቃጠል ያቆማል» የሚሉሽን አትስሚ። የአንቺ ችግር ሌላ ይመስለኛል። ጠዋት 12 ሰዓት በባዶ ሆድ የወጣ ሰው 4 ሰዓት ላይ ሻይ በቦምቦሊኖ ይላል፣ ምሳ ላይ ያገኘውን ቀማመስ ያደርጋል፣ ማታ 2 ሰዓት ላይ ግን እንደ ተራበ አንበሳ ትሪው ላይ ይወድቃል። ትሪው ደግሞ የጋራ ነው። ማን ምን ያህል እንደበላ አይታወቅም፣ ጉርሻ አለ፣ ልጆቹ የተዉትን «ከሚደፋ» ብሎ ማንሳት አለ። ይቺ የመጨረሻዋ በተለይ የእናቶች ናት። ልጅ የተወው ምግብ አንቺ ሆድ ውስጥ ገባ ወይስ ማቀዝቀዣ ውስጥ፣ ለብክነቱ ልዩነት የለውም፣ ለወገብሽ ግን አለው።

ስለዚህ የቀኑን ዋና ምግብ ከማታ ወደ ምሳ አምጪው። ምሳ ዕቃ ያዢ። ግማሽ እንጀራ ወይም ትንሽ ከፍ ያለ፣ ሁለት ጭልፋ ምስር ወይም ክክ ወይም ሽሮ፣ የቀረው ቦታ በሙሉ ጎመን፣ ጥቅል ጎመን፣ ካሮት፣ ሰላጣ፣ የወቅቱ ርካሽ የሆነው ሁሉ። ጥራጥሬው ላይ አትቆጥቢ፤ የሚያጠግብሽ እሱ ነው። ከደረቅ ምስር ሩብ ያህሉ ፕሮቲን ነው፣ ከስጋ ጋር ዋጋውን አንቺው አወዳድሪው። ማታ ቤት ስትገቢ ደግሞ የድርሻሽን እንጀራ ከመቀመጥሽ በፊት ቆርጠሽ ለይው፣ ወይም በራስሽ ሳህን ብይ። የጋራ ገበታ ጥሩ ነገር ነው፣ እንዲቀር አልፈልግም። ለሦስት ወር ግን መጠንሽን በዓይንሽ ማየት አለብሽ። ለ4 ሰዓቷ ረሃብ ቦርሳሽ ውስጥ የተቀቀለ እንቁላል፣ ሙዝ ወይም የባቄላ ንፍሮ ይኑር። ቆሎም ጥሩ ነው፣ አንድ እፍኝ። ከረጢቱን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠሽ እየሠራሽ ከሆነ ግን እፍኙ አራት ይሆናል።

«ጊዜ የለኝም» ያልሽው እውነት ነው። ጠዋት 11 ሰዓት ተነስተሽ ወጥ ሥሪ የሚልሽ ሰው የአያትን ታክሲ ሰልፍ የማያውቅ ነው። እሁድ ሁለት ሰዓት ስጪ። አንድ ድስት ምስር፣ አንድ ድስት ክክ፣ የተቀቀለ ባቄላ ወይም ሽንብራ ማታውን ተዘፍዝፎ። ለሦስት ቀን የሚሆነውን ማቀዝቀዣ ውስጥ፣ የቀረውን ፍሪዘር ውስጥ። መብራት በብዛት የሚጠፋበት ሰፈር ከሆነ ግን የሁለት ቀን ብቻ ሥሪና ረቡዕ ማታ ሽሮ ጣል አድርጊ፤ ሽሮ ሃያ ደቂቃ አይፈጅም። ቺያ ያልሽውም አይቅርብሽ፣ ስሙን ቀይረሽ ግዢው፦ ተልባ። በኦሜጋ 3 ከቺያ አያንስም። አመስ አድርገሽ ፍጪና አንድ ማንኪያ በውሃ ጠጪ፣ ወይም ቅንጬው ላይ ነስንሺው። በሶም ግሩም ነው፣ ስኳርና ዘይት እየጨመርሽ እስካላሸሽው።

ጾምን በተመለከተ፣ መጾም በራሱ አያቀጥንም። የሁዳዴ 55 ቀን ጾሞ ሁለት ኪሎ ጨምሮ ፋሲካ የሚደርስ ሰው ብዙ ነው። ቅቤው ሲቀር ዘይቱ እጥፍ ይገባል፣ እስከ 9 ሰዓት ከተቆየ በኋላ ደግሞ ሳምቡሳ፣ ጥብስ ድንች፣ ፓስታ ይደረደራል። ጾምሽን ጹሚ። ሰዓቱ ደርሶ ስትበዪ በጥራጥሬና በአትክልት ጀምሪ፣ የተጠበሰውን ለእንግዳ ተዪው። ቢ12 የሚባለው ቫይታሚን የሚገኘው ከእንስሳት ተዋፅኦ ስለሆነ በፍስክ ቀን እንቁላልና ወተት አትዝለይ። የምታጠቢ ከሆነ፣ እርጉዝ ከሆንሽ ወይም የስኳር መድኃኒት የምትወስጂ ከሆነ ግን ውሃ እንኳ ሳትቀምሺ አትቆዪ። ሐኪምሽንም የንስሐ አባትሽንም አነጋግሪ፤ ሁለቱም ከሚጠይቁሽ በላይ አንቺ በራስሽ ላይ ታከብጃለሽ።

እንቅስቃሴ። ጂም አያስፈልግሽም። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚለው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ ከዚያ ላይ ቢያንስ ሁለት ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር ሥራ ነው። 150 ደቂቃ በአምስት የሥራ ቀን ሲካፈል 30 ደቂቃ ነው፣ ጠዋት ሩብ ሰዓት ማታ ሩብ ሰዓት። በባቡር የምትመጪ ከሆነ ሜክሲኮ ድረስ አትቀመጪ፤ ስታዲየም ውረጂና በእግርሽ ግቢ። በታክሲ ከሆነም ቀደም ብለሽ «ወራጅ አለ» በይ። በኮሪደር ልማቱ ሰፋፊ የእግረኛ መንገድ የተሠራላቸው ቦታዎች አሉ፣ በግብርሽ የተሠራ ጂም ነውና ተጠቀሚበት። ፍጥነቱ ማውራት የምትችይበት፣ መዝፈን ግን የማትችይበት ይሁን። የሱቅ መስኮት እያየሽ ከተንሸራሸርሽ አይቆጠርም። ማታ ከጨለመ በኋላ ግን አልመክርም። ለከፋውም ነጠቃውም አለ፣ ለጤና ተብሎ አደጋ አይገባም። ያን ጊዜ ሩቡን ሰዓት ከምሳ ሰዓትሽ ላይ ቁረጪው።

ግን አንድ ነገር እንግባባ። ግማሽ ሰዓት መራመድ በአንቺ ኪሎ 140 ካሎሪ ገደማ ነው የሚያቃጥለው። አንዲት ቦምቦሊኖ ታጠፋዋለች። «ዛሬ ስለተራመድኩ» ብለሽ ራስሽን በምግብ አትሸልሚ። የኪሎው ሥራ የሚሠራው ድስቱ ላይ ነው። እርምጃው ለልብሽ፣ ለስኳርሽ፣ ለእንቅልፍሽና የቀነስሽው ተመልሶ እንዳይመጣ ነው።

ጡንቻውን ደግሞ ቤት ውስጥ፣ ልጆቹ ሲተኙ፣ በሳምንት ሁለት ቀን ሩብ ሰዓት። ያለቀውን የዘይት ጀሪካን አጥበሽ ውሃ ሙይው፤ 5 ኪሎ ክብደት አገኘሽ ማለት ነው። ደረትሽ ላይ ይዘሽው ከወንበር ብድግ ቁጭ በይ፣ 10 ጊዜ። ከዚያ ጎንበስ ብለሽ ጀርባሽን ቀጥ አድርገሽ ወደ ወገብሽ ሳቢው፣ በያንዳንዱ እጅ 10። ግድግዳ ተደግፈሽ ፑሽ አፕ 10። በጀርባሽ ተኝተሽ ጉልበትሽን አጥፈሽ ዳሌሽን ወደ ላይ 10። ሁሉንም ሦስት ዙር። ሲቀልልሽ ቁጥሩን ጨምሪ። «የቤት ሥራው ራሱ ስፖርት ነው» የሚሉ አሉ። በከፊል እውነት ነው፣ ልብስ በእጅ የምታጥብ ሴት ቁጭ ብላ ከምትውለው ትሻላለች። ግን ጡንቻ እየከበደው ካልሄደ አይጠነክርም፣ የቤት ሥራ ደግሞ የሚያደክምሽ ያንኑ ቦታ ነው፤ ወገብሽን።

ስታስነጥሽ ወይም ስትዘዪ ሽንት የሚያመልጥሽ ከሆነ ዝላይ ያለበትን ነገር ለጊዜው ተዪ። ከወሊድ በኋላ የተለመደ ነው፣ ሕክምናም አለው፣ የሚታፈርበት አይደለም። ደረት ላይ የሚይዝ ሕመም ወይም ራስ መሳት ካጋጠመሽ አቁሚና ታከሚ።

አሁን ልኬቱ። በሰጠሽኝ ቁጥር ክብደትሽን ከቁመትሽ ጋር የሚያነጻጽረው መለኪያ (BMI) ከ30 ከፍ ይላል፣ ይህ በሕክምና ውፍረት የሚባለው ውስጥ ይገባል። ላስፈራራሽ አይደለም፤ የደም ግፊትና የስኳር ምርመራ የሚያስፈልግሽ ስለሆነ ነው። ወገብሽንም በሜትር ለኪው። ለሴት ከ80 ሴንቲ ሜትር በላይ ማስጠንቀቂያ ነው፣ ከ88 በላይ ከሆነ ቀልድ አይደለም። ሌላው ያልነገርሽኝ ነገር የወሊድ መቆጣጠሪያሽ ነው። የሦስት ወር መርፌ የምትወጊ ከሆነ አንዳንድ ሴቶች ላይ ኪሎ ይጨምራል። በራስሽ እንዳታቆሚው፣ ሦስተኛ ልጅ ይዘሽ እንዳትጠይቂኝ። ጤና ጣቢያ ሄደሽ በሌላ ይቀየርልኝ በይ። ድካሙ ከብርድ አለመቻል፣ ከሆድ ድርቀትና ከፀጉር መሳሳት ጋር ከሆነ የታይሮይድ ምርመራ ጠይቂ። እነዚህ ባሉበት ዘይት መቀነስ ብቻውን አይፈታውም።

ምን ያህል ልትቀንሺ ትችያለሽ? በሳምንት ግማሽ ኪሎ ጥሩ ነው። አንዳንድ ሳምንት ምንም ላይቀንስ ይችላል፣ በተለይ ወር አበባ ሲቃረብ ውሃ ስለሚያዝ። በወር 10 ኪሎ እናስቀንሳለን የሚሉሽን ሽሺ። ከ78 ላይ 4 ኪሎ ብትቀንሺ ልብስሽ ላይ ብዙ ላይታይ ይችላል፣ ግፊትሽና ስኳርሽ ላይ ግን ይታያል።

ምክሬ ይሄ ነው፤ ሁሉን ነገር በአንድ ሰኞ አትጀምሪ። የመጀመሪያው ወር ሁለት ነገር ብቻ፦ ዘይት በማንኪያ፣ ምሳ ከቤት። ሁለተኛው ወር ላይ እርምጃው ይግባ። የውሃው ጀሪካን ሦስተኛው ላይ ይደርሳል። የደም ምርመራው ግን ወር አይጠብቅም፣ በዚህ ሳምንት አድርጊው። ሚዛን ላይ በየቀኑ አትውጪ፣ በሳምንት አንድ ቀን ጠዋት ይበቃል።

ቅዳሜ አዲሱን ጀሪካን ስትከፍቺ በእስክሪብቶ ቀኑን ላዩ ላይ ጻፊበት። ሲያልቅ ስንት ቀን እንደቆየ ከሄሞግሎቢን ውጤትሽ ጋር ላኪልኝ፤ ከዚያ ላይ እንቀጥላለን።